የሳንባ ካንሰር ሕክምና በባሕር ዳር፦ እናቴን ሳስታምም ያየሁት

በቀጥታ ልጀምር። ባሕር ዳር ላይ ለሳንባ ካንሰር የሚሰጠው ሕክምና ሰው ከሚያወራው በብዙ ይሻላል። ወደዚያ ሕክምና የሚያደርሰው መንገድ ግን ያንገላታል። ሁለቱንም የማውቀው እናቴን ይዤ ስለተመላለስኩ ነው።

የሄድንባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። ባለሙያ ይቀየራል፣ ዋጋም ይቀየራል። ዛሬ ያመሰገንኩት ክፍል ነገ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችላል። ይልቅ አንድ አስታማሚ እዚህ ከተማ ውስጥ ጥሩ የካንሰር አገልግሎትን በምን ሊለየው እንደሚችል ልንገራችሁ። እኔ የለየሁት በማሽኑ ብዛት አይደለም። ተቀምጦ ምን እንዳለብን፣ ምን ምን ምርጫ እንዳለን፣ እያንዳንዱ ምርጫም ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚወስድ በግልጽ የነገረን ሰው ባገኘን ቀን ነው።

እናቴ የዘጌ ሰው ናት። ሲጋራ ነክታ አታውቅም። ሳሉ ሲጀምራት ማንም ካንሰር ብሎ ያላሰበው ለዚህ ነው። ግን ዕድሜዋን ሙሉ ጭስ በሞላበት ማድ ቤት፣ በእንጨት እሳት እንጀራ ጋግራለች። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ግምገማ፣ ቤት ውስጥ የሚነድ የድንጋይ ከሰል ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎታል። የእንጨትና የመሳሰለውን ማገዶ ጭስ ደግሞ ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው ከሚላቸው ጋር መድቦታል። የእናቴ ሕመም ከዚያ ነው የመጣው ማለቴ አይደለም፤ ይህን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግረኝ አይችልም። ማለት የምፈልገው «አታጨስም፣ ስለዚህ ካንሰር አይሆንም» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው እንደሚያዘገይ ነው። ትልቁ የሳንባ ካንሰር መንስኤ ትምባሆ መሆኑ እውነት ነው። የማያጨስ ሰው ግን ነፃ አይደለም።

መጀመሪያ የወሰድናት አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ራጅ ተነሣች፣ አንቲባዮቲክ ተሰጣት። ሳሉ ሲብስ ሌላ አንቲባዮቲክ። ከዚያ «ቲቢ ሳይሆን አይቀርም» ተባለና መድኃኒት ተጀመረ። አክታዋ የቲቢን ጀርም በሚለየው ጂን ኤክስፐርት በሚባል ማሽን ተመርምሮ ምንም እንዳላሳየ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር። አክታ ላይ ሳይታይ ቲቢ ሊኖር ይችላል፤ ሐኪም በዚህ ግምት ሕክምና ቢጀምር ጥፋት አይደለም። የሚያናድደኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። መድኃኒቱን እየወሰደች ክብደቷ ሲቀንስና ትንፋሽ ሲያጥራት «ታገሱ፣ ጊዜ ይፈልጋል» ብቻ ነበር መልሱ። ደግሞ የሚመረምር፣ ሲቲ ስካን የሚያዝ አልነበረም። አገራችን ቲቢ የበዛባት ስለሆነች ሁለቱ በሽታዎች ይምታታሉ፤ ሳል፣ ላብ፣ ክሳት፣ ደም የቀላቀለ አክታ በሁለቱም ይታያል። ስለዚህ እናትህ ወይም አባትህ የቲቢ መድኃኒት እየወሰዱ ከቀን ወደ ቀን ከባሰባቸው፣ በትሕትና ግን አጥብቀህ ሲቲ ስካን ጠይቅ። የሚያጨስ ወይም ያጨስ የነበረ ሰው ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትጠብቅ።

ሪፈር ተጽፎልን ትልቅ ሆስፒታል ስንገባ ነገሩ ተቀየረ። ሳንባዋ ውሃ ቋጥሯል ተባለ። በመርፌ ቀዱላት። ያን ቀን እናቴ ለስንት ጊዜ ከርማ በረጅሙ ተነፈሰች። ሙሉውን ለምን በአንዴ እንዳልቀዱት ስንጠይቅ፣ ታፍኖ የቆየ ሳንባ በድንገት ሲከፈት ሌላ ችግር ሊያመጣ ስለሚችል በአንድ ጊዜ ከአንድ ሊትር ተኩል ያህል በላይ ማውጣት እንደማይመከር አስረዱን። ውሃው ሕዋስ ወደሚመረመርበት ክፍል፣ ወደ ፓቶሎጂ ተላከ። ወጣቱ ሐኪም «ይህን ውሃ ቀድቶ መድፋት ሕክምና አይደለም፤ ውስጡ ምን እንዳለ መታየት አለበት» ያለንን አልረሳውም። ትክክል ነበር። ውሃው ውስጥ የካንሰር ሕዋስ ተገኘ።

ውጤቱ እስኪመጣ ያለው ጥበቃ ከባድ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤት ይመለሳል። ናሙና ይጥፋም አይጥፋ የሚከታተለው አስታማሚው ነው። የላብራቶሪ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። የሲቲ ስካኑን ሲዲና ፊልም ከእጃችሁ አታውጡ፤ የምትሄዱበት ሁሉ ይጠይቃችኋል።

የካንሰር ሐኪሟ ጋ የገባንበት ቀን ነው ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ። ታላቅ ወንድሜ አስቀድሞ «ለእናታችን ቲቢ ነው በሏት» ብሎ ለምኗት ነበር። የእኛ አገር ልማድ ነው፤ መርዶ ለሕመምተኛ አይነገርም። ዶክተሯ ወንድሜን አልተቆጣችም። እሺም አላለችው። ወደ እናቴ ዞር ብላ ጠየቀቻት።

«እማማ፣ ስለ ሕመምዎ ሁሉንም ልንገርዎ? ወይስ ለልጆችዎ ነግሬ እነሱ ይወስኑ?»

«ንገሪኝ እንጂ የእኔ ልጅ! ሕመሜን ሳላውቅ ምን ብዬ ልጸልይ?»

ወንድሜ አቀርቅሮ ዝም አለ። ዶክተሯም ወረቀት አውጥታ ሁለት ሳንባ ሣለች።

የሳንባ ካንሰር በሁለት ትልልቅ ወገን እንደሚከፈል ነገረችን። አንደኛው ሕዋሱ ትንንሽ የሆነው ነው፤ በጣም ይፈጥናል፣ ከሚያጨሱ ሰዎች ጋር በጥብቅ ይያያዛል፣ ከሳንባ ካንሰሮች 15 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው አብዛኛው ሁለተኛው ወገን ነው። የእናቴ ከዚህ ከሁለተኛው፣ አዴኖካርሲኖማ የሚባለው ነው። በማያጨሱ ሰዎች ላይ በብዛት የሚታየው ይሄ ነው። ዓይነቱን ማወቅ ለምን እንደሚጠቅም ያኔ ገባኝ፤ መድኃኒቱ በዓይነቱ ይለያያል። ዓይነቱ ሳይታወቅ ኬሞ (የካንሰር ሕዋስን የሚገድል መድኃኒት) እንጀምር የሚል ካለ ተነሡና ሌላ ቦታ ሂዱ።

ከዚያ ደረጃ። ከአንድ እስከ አራት ነው። አንደኛና ሁለተኛ ላይ የተገኘ ሰው፣ ልቡና ቀሪው ሳንባው ከቻለ፣ ቀዶ ሕክምና ዋናው ተስፋው ነው፤ ዕጢው ያለበት የሳንባ ክፍል ተቆርጦ ይወጣል። ቀዶ ሕክምና ለማይችል፣ ጨረር በዕጢው ላይ ብቻ አነጣጥሮ የሚሰጥበት ዘዴ አለ። ሦስተኛ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኬሞና ጨረር ይጣመራሉ። አራተኛ ማለት ተሰራጭቷል ማለት ነው። «ዕጢው ትንሽ ነው ብላችሁ ነበር፤ ለምን አይቆረጥም?» ብዬ ጠየቅኩ። ዶክተሯ ሥዕሉ ላይ የሳንባውን ሽፋን አሳየችን። ካንሰሩ ሽፋኑ ውስጥ ያለው ውሃ ላይ ከተገኘ፣ ዕጢው ትንሽ ቢሆንም አራተኛ ነው። ቢቆረጥ እናቴን ከማድከም በቀር ምንም አይጠቅማትም። መልሱ መራራ ነበር። ግን ልጅ ሆኜ «አስቆርጬላት ቢሆን» እያልኩ ዕድሜ ልኬን ከምቃጠል አድኖኛል።

ምርጫዎቻችንን ዘረዘረች። ኬሞ መጀመር ይቻላል፤ በሽታውን አያጠፋውም፣ ሊያሳንሰውና ሊያዘገየው ግን ይችላል። የዘረ መል ምርመራ አድርጎ፣ በካንሰሩ ዘረ መል ላይ ኢ-ጂ-ኤፍ-አር ወይም አልክ የሚባሉት ለውጦች ከተገኙ በየቀኑ በአፍ የሚወሰድ ክኒን አለ፤ ጌፊቲኒብ፣ ኤርሎቲኒብ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ኦሲመርቲኒብ ለመጀመሪያው፣ ክሪዞቲኒብና አሌክቲኒብ ለሁለተኛው። የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚቀሰቅሱ እንደ ፔምብሮሊዙማብ ያሉ መድኃኒቶችም በዓለም ላይ አሉ፤ ዋጋቸው ግን ለእኛ ዓይነቱ ቤተሰብ የሚነካ አይደለም። ይህንንም አልደበቀችንም። በመጨረሻ አንድ ሌላ ነገር ጨመረች፦ ኬሞ አለመጀመርም ምርጫ ነው፤ ያን የመረጠ ሰው አይባረርም፣ ሕመሙና ትንፋሹ ይታከማል። ሌላ ቦታ ይህን በግልጽ ያለን ሐኪም አልነበረም።

እናቴ ኬሞውን መረጠች። ለኩላሊቷ ስለታሰበ በሲስፕላቲን ፋንታ ካርቦፕላቲን ከፓክሊታክሰል ጋር ታዘዘላት፣ በየሦስት ሳምንቱ። ክፍሉ ጠባብ ነው። ወንበሮቹ ይሞላሉ፤ ጠዋት በጊዜ ያልደረሰ ይጠብቃል። ግን ንጹሕ ነው፣ ሲስተሮቹም የሚገርሙ ናቸው። እጇ ላይ ደም ሥር ለማግኘት ሲቸገሩ አይነጫነጩም፤ «እማማ፣ ትንሽ ታገሡኝ» እያሉ በሞቀ ውሃ ያሻሉላታል። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የደም ምርመራ ሳያዩ አይነኩም። ነጭ የደም ሕዋስ ከቀነሰ ይራዘማል። መጀመሪያ ይህ ማራዘም ቸልተኝነት ይመስለኝ ነበር፤ ጥንቃቄ ነው።

ኬሞ የሚወስድ ሰው ያለበት ቤት ቴርሞሜትር ይግዛ። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው፤ «ጠዋት እንሂድ» አይባልም፣ ፓራሲታሞል ሰጥቶ መጠበቅም የለም። ስትገቡ ኬሞ ላይ እንዳለች በሩ ላይ ተናገሩ። ፀጉሯ ረገፈ፣ ጣቶቿ ደነዘዙ። ምግብ ሲያስጠላት አጥሚትና ቀጭን የዓሣ ሾርባ ነበር የሚወርድላት። ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባቷ ራሳቸው መጥተው ፈቀዱላት፤ እኛ ብንላት አትሰማንም ነበር። ስለ ፀበሉም ዶክተሯን ጠይቀናል። «ይጠመቁ፣ ግን ብርድ እንዳይመታዎት፤ ኬሞውን ደግሞ እንዳያቋርጡ» ነበር መልሷ። እምነቷን ያልናቀ ሐኪም ስላገኘች እናቴም ቀጠሮዋን አንድም ቀን አልናቀችም።

የዘረ መል ለውጥ ሲገኝ ስለሚሰጠው ክኒን ደግሞ ልንገራችሁ። ምርመራው እዚህ አልተሠራልንም፤ ናሙናው በአዲስ አበባ በኩል እንደሚላክ ተነገረንና ከፍለን አስላክን። ውጤቱ ለውጡ የለም የሚል ሆነ። ገንዘቡ ባከነ አልልም። የማይሠራላትን ክኒን ከሰው በሰው እያስመጣን ከመግዛት ተርፈናል። ይህን የምለው ሳይመረመሩ «ለሳንባ ካንሰር ነው» ተብሎ ክኒን የሚገዙ ሰዎች ስለገጠሙኝ ነው። ለውጡ ለሌለው ሰው ያ ክኒን ከኬሞ አይበልጥም።

አሁን ወደ ጀርባዋ ልምጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ ወገቧን ያማት ጀመር፤ ካንሰሩ አጥንት ገብቷል። ለዚህ ጨረር ያስፈልጋል ተባለ። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ማዕከላት ቢከፈቱም ለእኛ ጉዞው አዲስ አበባ ነበር። መንገዱ አስተማማኝ ስላልነበር በአውሮፕላን ሄድን። ወንድሜ «ለሳምንታት አልጋ ይዘን እንዴት እንችላለን» ብሎ ተጨንቆ ነበር። እዚህ ላይ የዶክተሯ እውቀት አዳነን። ሪፈሩ ላይ ለአጥንት ሕመም ማስታገሻ ብላ ለይታ ጻፈች፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም አንድ ጊዜ የሚሰጥ 8 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር፣ ብዙ ቀን ከሚከፋፈለው ጋር የተቀራረበ ማስታገስ እንደሚሰጥ በብዙ ጥናት የታየ ነው። እዚያም ተስማሙ፤ ወረፋ ጠበቅን እንጂ ጨረሩ በአንድ ቀን አለቀ። ከክፍለ ሀገር የምትሄዱ፣ «በአንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሁሉም አይሆንም። ለሚሆንለት ግን ትልቅ እፎይታ ነው። ማረፊያ ለሌለው ደግሞ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አዲስ አበባ ላይ ከሩቅ ለሚመጡ የካንሰር ሕመምተኞች ማረፊያ አለው፤ ከመነሣታችሁ በፊት ደውሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ካንሰር ያለበት ሰው ወገቡን አሞት እግሩ ከዛለ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንቱ እንቢ ካለው፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ሕብለ ሰረሰር እየተጫነ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓታት ዋጋ አላቸው።

ከሁሉ በላይ ማመስገን የምፈልገው ግን የማስታገሻ ሕክምናውን ነው። ሞርፊን ሲታዘዝላት አክስቴ «በቃ፣ አለቀላት ማለት ነው» ብላ አለቀሰች። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። ሲስተሯ አክስቴን አስቀምጣ አስረዳቻት፤ ሞርፊን የመጨረሻ መድኃኒት ሳይሆን የከባድ ሕመም መድኃኒት ነው። በአፍ የሚወሰደው ፈሳሹ በየአራት ሰዓቱ ነው፤ ሕመሙ እስኪመለስ አይጠበቅም። ለሕመም በታዘዘው ልክ የሚወስድ ሰው ሱሰኛ ይሆናል ተብሎ አይፈራም። ሆድ ግን ያደርቃል፣ ስለዚህ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይሰጣል። እኛ ተልባም ጨምረንላታል። ለትንፋሽ ማጠርም በትንሽ መጠን እንደሚረዳ ያወቅኩት እዚያው ነው። መስኮት መክፈት፣ ከፍ አድርጎ ማስደገፍ፣ ፊቷ ላይ በቀስታ ማራገብም ይረዳል።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው 151 ሰዎች ላይ ነው የተሠራው። ማስታገሻ ሕክምናን ከመጀመሪያው ከካንሰር ሕክምናው ጋር ያገኙት ኑሯቸው የተሻለ፣ ድባቴያቸውም ያነሰ ሆኗል። ዕድሜያቸውም ረዝሟል፤ ወደ 11.6 ወር ገደማ፣ ከሌሎቹ 8.9 ወር ጋር ሲነጻጸር። ይህን ያነበብኩ ቀን ለወንድሜ ላክሁለት። የሕመም ማስታገሻን ከተስፋ መቁረጥ ጋር የሚያያይዙ ዘመዶች ሁሉ ቢያውቁት ደስ ይለኛል። ሲስተሮቹን «ማስታገሻ ክፍል መቼ እንገናኝ?» ብላችሁ ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሩ።

እንዲሻሻል የምፈልገው አለ። ሞርፊኑ አንዳንዴ ያልቃል፤ አልቋል የሚባለውም ቆሞ ከተጠበቀ በኋላ መስኮቱ ላይ ነው። የግል ፋርማሲ ደግሞ እንደ ልብ አያገኘውም። ያለቀ ቀን ሕመምተኛው ሌሊቱን ምን ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ ሰው፣ ከማለቁ አንድ ሳምንት በፊት ቢያሳውቅ ምን ነበረበት? እኛ ጠርሙሱ ግማሽ ሲደርስ መሄድ ለመድን። የካርድ ክፍሉና የጤና መድን ማህተሙ በተለያየ ሕንፃ ነው፤ ትንፋሽ የሚያጥረውን ሰው በዚያ ሁሉ ማመላለስ አያስፈልግም ነበር። አስታማሚው ወረፋ ሲይዝ ሕመምተኛው ወንበር ላይ እንዲጠብቅ ጥበቃዎቹን ጠይቁ፤ ደጎች ናቸው፣ ይተባበራሉ።

ከሁሉም በላይ የጎደለው ስልክ ነው። ከዘጌ፣ ከቁንዝላ፣ ከደራ የሚመጣ ሰው ማታ ችግር ሲገጥመው የሚደውልበት አንድ ቁጥር የለውም። በጀልባ ወይም በሌሊት መንገድ መምጣት የማይችል ሰው፣ አንዲት ሲስተር በስልክ «መጠኑን እንዲህ አድርጉ» ወይም «አሁኑኑ ኑ» ብትለው ብዙ ጭንቀት ይቀርለታል። ክፍሉን የሚመሩ ሰዎች ይህን ካነበቡ፣ በተራ የሚያዝ አንድ የሞባይል ቀፎ ይበቃል። ካርዱን የምንሞላውና ቁጥሩን ለሌሎች አስታማሚዎች የምናዳርሰው እኛ ቤተሰቦች እንሆናለን፤ እዚሁ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ያለነው ከወዲሁ ተነጋግረናል።